ዋጥሽ ወይስ ተፋሽ

ጎረስኩ። ባቡር ውስጥ፣ ከማላውቃት ሴት እጅ፣ መተሃራ ሳንደርስ።

ሌላው ይቆየኛል፤ እሱን አስቀድሜ ልጻፍ ብዬ ነው። የምጽፈው በምግብ ጥቅል ሌብሎች ጀርባ ላይ ነው፤ ከሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ ቀርተው የተገኙ። ከላይ ሆኖ የሚያየንና የሚናገረን ጣሪያ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር አያነብም ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ።

አዋሽ ለመድረስ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ይቀረናል። እዛ እንወርዳለን፣ እኔና ሴትየዋ። ጣሪያው ነግሮናል።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሁለት ሰዓት ላይ ከለቡ ተሳፈርኩ። ላላ ሁለት፣ ሁለተኛው የእገዳ ማላላት፣ ከታወጀ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ላላ አንድ ላይ በራችን ላይ መቆም ተፈቀደ። ላላ ሁለት ላይ ባቡር። በላላ ሁለት አፍ መግለጥ ይቻላል፣ ማውራት ይቻላል፣ ጎን ለጎን መቀመጥ ይቻላል። መንካት አይቻልም። ከአንድ ሰሃን መብላት አይቻልም፣ ማዕድ ካልሆኑ በስተቀር።

ማዕድ አብረውሽ የሚበሉት ናቸው። ቤተሰብ የሚባለውን መቁጠር ካቆሙ ቆይተዋል። እህትሽ ማን ናት፣ ባልሽ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከማን ጋር ትበያለሽ፣ ይሄው ነው። አንዱ ከተያዘ ማዕዱ በሙሉ ይዘጋበታል። እኔ ብቻዬን ነኝ። እንደኔ ያለውን ነጠላ ይሉታል።

ልጅ አለችኝ፣ ረቂቅ። ሰባት ዓመቷ እያለ ለክረምት ድሬዳዋ ላክኳት፣ አክስቷ ሰናይት ጋ፣ ለሦስት ሳምንት። በሁለተኛው ሳምንት በሽታው መጣና ሁሉም ተዘጋ። የዛን ሰሞን አባቷ ሞተ። ስድስት ዓመት ከአሥር ወር ሆነው። በስክሪን አይቻታለሁ። ቁመቷን ግን ስክሪን አይናገርም።

ከነገ ወዲያ አሥራ አራት ይሞላታል። አሥራ አራት ሲሞላ ማዕድ ይጸናል፤ እስከዛች ቀን ከማን ጋር ስትበላ እንደነበር ታይቶ የነሱ ትሆናለች፣ በቃ። ከዛ በፊት ከሆነ እናት በአካል ቀርባ ወደራሷ ማዕድ ማስገባት ትችላለች። እናትየዋ ንጹህ ከሆነች። ቀጠሮዬ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከነገ ወዲያ በፊት ሌላ ቀጠሮ የለም፤ ጠይቄአለሁ፣ አራት ጊዜ።

የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። አንድ ጉርሻ። በባዶ እጅ፣ ጣሪያው እያየ። ልጅቷ ከዋጠች የኔ ናት።

እኔ ደግሞ ማጉረስ ረስቻለሁ። ቃሊቲ ጥቅል ማሸጊያ፣ መስመር ሰባት ነው የምሠራው። በቀን አራት ሺህ ጥቅል ያልፈኛል፣ እያንዳንዱ ውስጥ አንድ ማንኪያ አስገባለሁ። ምግቡን አልነካውም። የራሴንም የምበላው በዛው ማንኪያ ነው።

ስለዚህ ባቡሩ ውስጥ ልለማመድ አሰብኩ።

ፉርጎው ሞልቷል። በወንበሮቹ መሀል የነበረውን መስታወት አንስተውታል፤ የብሎኑ ቀዳዳዎች ግን አሉ። ሰዉ አሁንም መስታወቱ ያለ ይመስል ነው የሚቀመጠው፣ ትከሻውን ሰብስቦ። ሰው በመሀል ሲያልፍ ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ቢሾፍቱ ላይ በሩ ሲከፈት መላው ፉርጎ ትንፋሹን ያዘ። ማንም አላዘዘንም። በሩ ተዘጋና ሁላችንም ባንዴ ተነፈስን።

ጣሪያው በየአሥር ደቂቃው «መነጋገር ይቻላል» ይላል።

ማንም አይነጋገርም።

ወንበር ሃያ ሁለት ላይ ያለችው አሮጊት ግን ታወራለች። መጀመሪያ ከመስኮቱ ጋር ነበር የምታወራው። «ኧረ ይቺ ዛፍ! ይቺ ዛፍ አለች እንዴ?» ትላለች። ሰባ ያለፋት፣ ቀጭን፣ አንገቷ ላይ በክር ቁልፍ ያንጠለጠለች ሴት ናት። አንድ ጊዜ ጉሮሮዋን ጠረገች። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ሰዓቱን አየ። እኔም አየሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ካልጠረገች ደህና ናት የሚሉት ነገር አለ። ማን እንዳወጣው አላውቅም።

አሥር ደቂቃው አለፈ። ሁለተኛ አልጠረገችም።

ከጥቅል የተረፈ አንድ እንጀራ ይዤ ነበር። በሻርፔ ሸፍኜ በቀኝ እጄ እጠቀልላለሁ። ይፈርስብኛል። እንደገና እጠቀልላለሁ።

«አንቺ፣ ምን እያረግሽ ነው?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? ከሞጆ ጀምሮ ያንን እንጀራ እያሰቃየሽው!»

ሻርፔን ወደ ራሴ ሳብኩት። ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ የመጀመር ፍላጎት አልነበረኝም። ግን ዓይኗን አላነሳችም።

«ልጄን ላጎርስ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«እህ። ማስገባት ነው?»

«አዎ።»

«አሳዪኝ እስቲ።»

ሻርፑን ገለጥኩ። መዳፌ ላይ ያለውን አየችውና ከንፈሯን ነከሰች።

«ይሄ ጉርሻ ነው ክኒን? ልጅቷ ታማለች እንዴ?»

ሳቅኩ። ድምፅ አውጥቼ። ፊት ያሉት ሁለቱም ዞር አሉ።

ኤልዳና ነው ስሜ አለችኝ። ያው የዛ ዘመን አሮጊት ሁሉ ኤልዳና ወይ ሶሊያና ነው። እማማ ኤልዳና አልኳት። የድሬ ሰው ናት፣ ከዚራ ያደገች። አዲስ አበባ ለዓይኗ ሕክምና መጥታ ተዘጋባት። ስድስት ዓመት ከአሥር ወር ነጠላ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጥቅል በመስኮት። በላላ ሁለት ነጠሎች ወደየቤታቸው መመለስ ይችላሉ ሲባል በመጀመሪያው ቀን ተመዘገበች።

«ምን ሊያደርጉ ነው ሲደርሱ?»

«ወንበሬን አውጥቼ በሬ ላይ ልቀመጥ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ነፋሱ ይመጣል።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ ተቀምጫለሁ አይደል እንዴ! ሌላ ምን ልሁን አቦ?»

ከዛ ከእግሯ ሥር ምሳ እቃ አወጣች። ብረት ነው፣ ጠርዙ የተጎረበጠ። ከፈተችው። ደረቅ ፍርፍር። የበርበሬና የቅቤ ሽታ ፉርጎውን ሞላው። ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ቦርሳውን አነሳና ተነስቶ ሄደ። አልተመለሰም።

«ከየት አመጡት?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሠርቼው ነዋ። የጥቅሉን እንጀራ እያደረቅኩ፣ እያጠራቀምኩ። በርበሬውን የሚያስገባ ሰው አለ። ስሙን አልነግርሽም፣ አይተሽው አያውቂም፣ እኔም አላውቀውም።» ሳቀች። «አሁን እይ። እጄን እይ። ትሰበስቢዋለሽ። ጠርዙን ወደ ውስጥ ታስገቢዋለሽ፣ እንዲህ። በአውራ ጣትሽ ታሽጊዋለሽ። አንቺ አውራ ጣትሽን ትፈሪዋለሽ፣ አየሁሽ። ከዛ አታመንቺ። ካመነታሽ ልጅቷ አፏን ትዘጋለች።»

ጉርሻው በጣቶቿ መሀል ተዘጋጅቶ ነበር። ድብልብል፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አንድም ፍርፋሪ የማይወድቅበት። ወደኔ ዘረጋችው። ልታሳየኝ መስሎኝ ነበር። እሷም ልታሳየኝ ነበር መሰለኝ፣ መጀመሪያ ላይ።

«በሞቴ» አለችኝ።

ይሄንን ቃል ሰው ከተወው ቆይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ነው የተወው። በየቤቱ አንድ ሰው በሞተበት ጊዜ በሞቴ የሚል ጠፋ።

አፌ ተከፈተ። አሰብኩ ብል ውሸት ነው። ትልቅ ሴት እጇን ዘርግታ በሞቴ ስትል ምን ይደረጋል? ይከፈታል። ጣቶቿ ከንፈሬን ነኩት። ዋጥኩ።

ጣሪያው ሦስት ሴኮንድ ዝም አለ። ከዛ በዛው በሚያምረው ድምፁ፦

«ወንበር ሃያ ሁለት፣ ወንበር ሃያ ሦስት። ማዕድ ገጥማችኋል። መልካም ማዕድ። አዋሽ ላይ ትወርዳላችሁ።»

ለሠርግም የሚለው ይሄንኑ ነው።

እማማ ኤልዳና እጇ አየር ላይ እንዳለ ቀረች። ቅባቱ ጣቶቿ ላይ ያበራል።

«ረሳሁት» አለች። «ወላሂ፣ ረሳሁት።»

ሽንት ቤት ሄድኩ። እዛ የሚያይ ጣሪያ የለም። ጣቴን ጉሮሮዬ ድረስ ሰደድኩት። ዓይኔ አለቀሰ እንጂ ምንም አልወጣም። ሁለተኛ መሞከር እችል ነበር። አልሞከርኩም። እውነቱን ልጻፍ፤ ጣፍጦኝ ነበር።

አሁን ወንበሬ ላይ ነኝ። ምሳ እቃዋን ዘግታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ዙሪያችን ያሉት ወንበሮች ባዶ ሆነዋል። ባቡሩ እየዘገመ ነው። አዋሽ ነው መሰለኝ። ቆይ።

*

አዋሽን አለፍን። አለፍኩ።



ባቡሩ እዛ ሃያ ደቂቃ ነው የሚቆመው። ከጣቢያው ጎን የቆርቆሮ አዳራሽ አለ፤ ወስደው መስታወት ፊት አስቀመጡን፣ ሁለት ወንበር፣ በመሀላችን ሦስት ሜትር። ከመስታወቱ ኋላ ወፍራም ሰውዬ ነበር፣ ጓንት ያጠለቀ፣ ላቡን በክርኑ የሚጠርግ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እህቴ፣ እማማ፣ ደህና ናችሁ? ቶሎ ልጨርስላችሁ። ሁለት መንገድ ነው ያለው።» ከወረቀት አያነብም፣ በቃሉ ነው። «ወደሽ ጎርሰሽ ከዋጥሽ አንድ ማዕድ ናችሁ። አሥራ ሁለት ቀን አብራችሁ እዚህ ትቆያላችሁ። ውጤታችሁ ንጹህ ከሆነ ወደየምትሄዱበት። ሁለተኛው፣ አስገድደውሽ ከሆነና ከተፋሽው፣ አንቺ አፍሽን ታጥበሽ ትሄጃለሽ። እማማ ግን ማዕድ ደፍረዋል ማለት ነው። ነገ ጠዋት ባለው ባቡር ወደ ነጠላ ቤታቸው ይመለሳሉ። ሁለተኛ አይሳፈሩም።»

«ሁለተኛ ማለት?»

«ሁለተኛ ማለት ሁለተኛ ነው እህቴ።»

አየኋት። እሷ ውጭውን ታያለች። ውጭ ምንም የለም፣ ድንጋይና እሾህ።

«ጣሪያው እጃቸው አፍሽ እስኪደርስ አይቷል» አለ ሰውዬው። «ጉሮሮ ውስጥ አያይም። ስለዚህ እኔ ነኝ የምጠይቅሽ። ዋጥሽ ወይስ ተፋሽ?»

አሥራ ሁለት ቀን። ከነገ ወዲያ አሥራ አራት።

«ተፋሁት» አልኩ።

«የት?»

«ሽንት ቤት። ገብቼ ነበር፣ ማየት ትችላላችሁ።»

«መግባትሽን አይቻለሁ። አስገድደውሽ ነው?»

«አዎ።»

እማማ ኤልዳና ዞረች። ወደኔ አይደለም፣ ወደ ሰውዬው።

«ተፋችው?»

«እንደዛ ነው ያለችው፣ እማማ።»

ፊቷ ላይ የሆነውን መጻፍ አልችልም። ሁለተኛ አይሳፈሩም ሲላት ያልሆነው ነገር ያኔ ሆነ። የሰጠችው ጉርሻ ሽንት ቤት ውስጥ እንደተተፋ ነው የሰማችው። ሌሊቱን ስትቀባው፣ ስታሸው ያደረችው ፍርፍር።

ከዛ ልብሷን አስተካከለች።

«ይሁን። እውነቷን ነው፣ አስገድጃት ነው። ልጅ አለቻት፤ ቀጠሮ አለባት። አትያዝ።»

ሰውዬው ጻፈ። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ እንድታወልቅ ጠየቃት። አወለቀች። በላስቲክ አድርጎ ቁጥር ለጠፈበት። ምሳ እቃውንም።

እኔን ሰማያዊ ነገር አጉመጠመጡኝ። ያቃጥላል። ሦስት ጊዜ። የፍርፍሩን ጣዕም አጠፋው፣ ቅቤው ብቻ ከምላሴ ሥር ቀረ።

በሩ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። ስሜን አልነገርኳትም ነበር፣ «አንቺ» ነው ያለችኝ።

«አቤት።»

«አውራ ጣትሽን እንዳትረሺ።»

*

ድሬ። ስምንት ሰዓት ተኩል። የማዕድ ቢሮ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነኝ። ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። ክፍሉ ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች አለን፣ ሁላችንም እናቶች፣ ሁላችንም እጃችንን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን። ታጥበናል። የታጠበ እጅ ምንም መንካት የለበትም። አንዷ አፍንጫዋ ላይ ዝንብ አርፎባታል፣ ዝም ብላ ታየዋለች። እኔ ብቻ ነኝ የምጽፈው። እንደገና መታጠብ አለብኝ።

ጉሮሮዬን ይበላኛል።

ከሚኤሶ በኋላ ነው የጀመረኝ። ሰማያዊው ነገር ይሆናል። ቅድም ያ ሁሉ ጣት መስደድ ይሆናል። አቧራ ይሆናል። በሽታውም ሊሆን ይችላል። እሱ በሦስት ሰዓት ውስጥ አይጀምርም። ካሁን በፊት የነበረው አይጀምርም ነበር፣ የአሁኑን ማን ያውቃል።

እዚህ ላይ ልቆም። ማወቅ ያለብኝን አውቃለሁ። ያቺ ሴት ጉሮሮዋን ጠርጋለች። ጉርሻዋን ውጫለሁ። አሁን ደግሞ በዚህ እጅ ለልጄ ላጎርስ ነው። ተነስቼ ልሂድ? ሄጄ በስክሪን ልያት? አሥራ ሁለት ቀን ጠብቄ ብመጣ የሰናይት ልጅ ናት። ሰናይት ክፉ ሴት አይደለችም። ችግሩ እሱ ነው፣ ክፉ አይደለችም። ልጅቷን አሳድጋታለች።

ስሜን ጠሩ።

*

አሥር ሰዓት ከሩብ። የጣቢያው አግዳሚ ላይ።

ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ነጭ፣ አንድ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ኋላ መነጽር ያደረገች ሴትዮ። ሰናይት ከመስታወት ወዲያ ቆማለች፣ መሐረብ ይዛ። አየችኝና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ረቂቅ ቆማ ነበር። ትበልጠኛለች። በአራት ጣት ትበልጠኛለች። ጸጉሯን በአጭሩ ተቆርጣለች። አባቷን ትመስላለች፣ አገጯ።

«እንደምን አሉ?» አለችኝ። እርስዎ ብላ። ሰናይት አስተምራት ይሆናል።

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ደህና።»

«ድምፅሽ ተቀይሯል» አለች ሰናይት በመስታወቱ ማይክሮፎን።

«አቧራ ነው» አልኩ።

ሴትዮዋ አንድ ጥቅል ከፍታ ሰሃን ላይ ገለበጠችው። ማንኪያውን አውጥታ ወደ ጎን አደረገችው። ምናልባት እኔ ያስገባሁት ማንኪያ ነው። «ሦስት ሙከራ አለሽ» አለችኝ። «ልጅቷ ወዳ ነው መክፈት ያለባት። ከንፈሯን መግፋት አይቻልም። ከዋጠች በኋላ መመለስ የለም፣ ምንም ቢመጣ ያንቺ ማዕድ ናት። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

መጀመሪያው ፈረሰ። ወለሉ ላይ ወደቀ። «አንድ» አለች ሴትዮዋ።

ሁለተኛውን አነሳሁ። ረቂቅ እጄን አየች፣ ከዛ ጣሪያውን፣ ከዛ እጄን።

«በጣት ነው?»

«በጣት ነው።»

«ታጥበዋል?»

«ታጥቤአለሁ።»

አፏን ልትከፍት ሞከረች። እውነት ሞከረች፣ አገጯ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ወደ ፊቷ የሚመጣ እጅ አይታ አታውቅም። አንገቷ ራሱ ዞረ። እኔም አመነታሁ።

«ሁለት።»

ሰናይት መስታወቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ማበረታታቷ ነው ወይስ ሌላ፣ አላውቅም።

ሦስተኛው ላይ ቸኩዬ አልነበረም። ሰበሰብኩት። ጠርዙን ወደ ውስጥ አስገባሁ። በአውራ ጣቴ አሸግኩት፣ በደንብ፣ ሳልፈራ። ጉሮሮዬ ይበላኛል። ብስል ያበቃልኛል። አልሳልኩም።

«ረቂቅ» አልኳት። «በሞቴ።»

ሴትዮዋ ከወረቀቷ ቀና አለች። ሰናይት መሐረቡን አፏ ላይ አደረገች። ረቂቅ ቃሉን ታውቀው አይመስለኝም። ግን አየችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችው፣ ቆይታ። አፏ ተከፈተ፣ ሐኪም ፊት እንደሚከፈተው፣ ዓይኗን ጨፍና።

አጎረስኳት።

ረጅም ጊዜ አኘከች። የጥቅል ምግብ ያን ያህል አይታኘክም።

«ዋጥሽ?» አለቻት ሴትዮዋ።

ያው ጥያቄ ነው። እኔ የተጠየቅኩት። ልጅቷ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ አሰበች። እንደሚያስጠላት ያስታውቃል። አልዋጥኩም ብትል፣ ወረቀቱ ላይ ብትተፋው፣ ወደለመደችው ቤት ትመለሳለች።

«ዋጥኩ» አለች።

«መልካም ማዕድ» አለ ጣሪያው።

ሴትዮዋ ማኅተሙን መታች። ሰናይት እያለቀሰች ወጣች፣ የረቂቅን ሻንጣ በር ላይ ትታ። ፎርሙ ወደኔ ተገፋ፤ ከታች ፈርሚ አለችኝ። ከታች የተጻፈው፦ ዛሬ ከማንም ጋር ማዕድ እንዳልገጠምኩ አረጋግጣለሁ።

እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ።

«ምነው?»

«አዋሽ ላይ ተፋሁት ብዬ ነበር።»

«አዎ፣ እዚህ አለ። ኤልዳና የሚባሉ ሴት።»

«ውጬዋለሁ።»

መነጽሯን አወለቀች። መጀመሪያ ያየችው እኔን አይደለም፣ ረቂቅን ነው።

«ታውቂ ነበር? እያወቅሽ ነው ያጎረስሻት?»

«እያወቅኩ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ምን ነክቶሻል?»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። 

«ይቺ ልጅ አሁን ካንቺ ጋር ነው የምትገባው። አሥራ ሁለት ቀን። አሮጊቷ ከታመሙ ሦስታችሁም ናችሁ። ልደቷን እዛ ነው የምትውለው።»

«ማኅተሙ ግን ይጸናል።»

«ማኅተሙማ ተመቷል!» ጠረጴዛውን መታች። «ምን ላድርገው? ተመቷል።» ከዛ መነጽሯን መልሳ አድርጋ፦ «እዚህ ድሬም ማቆያ አለ።»

«ማዕድ አንድ ላይ ነው የሚቆየው ይላል ሕጉ። እሷ አዋሽ ናት። ነገ ጠዋት ይመልሷታል፣ ከዛ በፊት መድረስ አለብኝ።»

«በስልክ ልነግራቸው እችላለሁ።»

«ይንገሩልኝ። እኔም ልሂድ።»

ሦስት መስመር ጻፈች፣ አስፈረመችኝ፣ ጓንቷን አውልቃ ጣለችው። «የአሥራ አንድ ተኩሉ ባቡር፣ የመጨረሻው ፉርጎ» አለች። «ማንም አጠገብ እንዳትቀመጡ።»

ከበሩ ውጭ ረቂቅ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች።

«አዲስ አበባ አይደለም የምንሄደው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ አዋሽ።»

«ሴትየዋ ማን ናት?»

«አላውቃትም። ባቡር ላይ ነው ያገኘኋት።»

«ታማለች?»

«አላውቅም።»

መንገዱን ተሻገርን። ፀሐይዋ ገና ትፋጃለች። ከሰው ሁሉ ሁለት ሜትር ርቃ ነው የምትሄደው፣ ከኔም። በግማሽ መንገድ ላይ ቆመች።

«አንቺስ?» አለችኝ። «አሞሻል?»

«ጉሮሮዬን ይበላኛል።»

አሰበችበት። ሻንጣውን ከቀኝ ወደ ግራ እጇ አዛወረችው።

«አዋሽ ምን አለ?»

«ሙቀት። ቆርቆሮ። እሷ። ምሳ እቃዋን ከመለሱላት ደግሞ ፍርፍር።»

«በጣት?»

«በጣት።»

ፊቷን አጨማደደች። ግን መራመድ ጀመረች።

አሁን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ በሌላው ጫፍ። ሌብሉ ሊያልቅብኝ ነው። የትኬት መስኮቱ ተከፍቷል፤ ሰዉ ተራርቆ ተሰልፏል፣ በር በተከፈተ ቁጥር ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል።

ተነስቼ ተሰለፍኩ። ሁለት ትኬት ቆረጥኩ፣ ወደ አዋሽ።